ከሴራሚኩ ጀርባ የሚቀረው ሥራ፦ ስለ ቧንቧ ሙያ ሥልጠና

የቧንቧ ሥራን ከአንድ ጥሩ ባለሙያ ሥር ሆኖ መማር እየተቻለ ኮሌጅ መግባት ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ከዘመድም ከጓደኛም በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ከሚሠሩት የቧንቧ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጡ፣ የአጎታቸውን ወይም የሠፈራቸውን ሰው ዕቃ እየተሸከሙ ሙያውን የቀሰሙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እጃቸው የሚያስቀና አሉ። እናቴ ደግሞ ጥያቄውን ከሌላ በኩል ታነሣዋለች፤ የሒሳብ አያያዝ ዲግሪዬን አስቀምጬ ሳኒተሪ (የቧንቧ ሥራ) ክፍል መመዝገቤን ስትሰማ «ተምረሽ ተምረሽ ቧንቧ?» ነበር ያለችው። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ንጹሕ ውሃ የሚያመጣውን መስመር መዘርጋት ከማንም ጎበዝ ባለሙያ መማር ይቻላል፤ ፍሳሹን የሚወስደውን መስመር፣ እንዲሁም ከልስንና ከሴራሚክ ጀርባ የሚቀረውን ማንኛውንም ሥራ ከመሸፈኑ በፊት መፈተሽን ግን እኔ ሥርዓት ባለው መንገድ ሲሰጥ ያየሁት በኮሌጅ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሥልጠናው አጠቃላይ መልክ በአጭሩ ልግለጽ። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ የያዘውን ደረጃ ሲጨርስ ብዙ ሰው ሲኦሲ እያለ ለሚጠራው የብቃት ምዘና ይቀርባል። መርሑ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከተግባሩም ከፊሉ የሚከናወነው በትብብር ሥልጠና፣ ማለትም በእውነተኛ የግንባታ ቦታ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ መንገድ ውጤት ያልመጣላቸው ልጆች ማረፊያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ግን ያ አመለካከት ትርጉም አጣ፤ ከመቶ ዘጠና ስድስቱን በአንድ ቃል ሰነፍ ብሎ ማለፍ አይቻልምና። በእኔ ክፍል ውስጥ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡ፣ ሥራ ላይ ቆይተው የተመለሱና እንደ እኔ ዲግሪ ይዘው የመጡ አብረው ይማራሉ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የእጅ ሥራ ናቸው። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ፣ ሞርሳ በሚባለው መያዣ ላይ አሥሮ መቁረጥ፣ በመቁረጫው ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጠርዝ መሞረድ፣ ከዚያም ዘይት እያጠጡ በክር ማውጫ ክር ማውጣት ነው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ ክር በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 14 ጥርስ አለው፤ ማውጫው ከመጠን በላይ ከገባ ክሩ ይረዝምና ፊቲንጉ (የሚገጠምበት ማያያዣ) ሳይጠብቅ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። መገጣጠሚያው ላይ የሚጠመጠመው ቴፍሎን ከጠበቀ በኋላ አቅጣጫ ለማስተካከል ተብሎ ጥቂት እንኳ ወደ ኋላ ከተመለሰ ያፈሳል፤ ቃጫ በአንጻሩ መጠነኛ መመለስን ይታገሣል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚገጣጠመው በሙቀት ሲሆን፣ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ደርሶ የ20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባና እስኪረጋ ሳይነካ ይቆያል። ብዙ ማሞቅ አስተማማኝ የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ይገፋና የቧንቧውን አፍ ያጠበዋል፣ ከውጭ ሲታይ ደግሞ እጅግ ያማረ መገጣጠሚያ ይመስላል። መብራት በሚዋዥቅበት ቀን ማሽኑ ተገቢውን ሙቀት ሳይዝ መሥራትም ተመሳሳይ የተደበቀ ጉድለት ያስከትላል። ይህን ሁሉ ጥሩ ባለሙያ በልምድ ያውቀዋል፤ ኮሌጅ የገባ ሰው ምናልባት የሚበልጠው ምክንያቱን ቶሎ በማወቁ ብቻ ነው።

ልዩነቱ መታየት የሚጀምረው ስሌት ሲመጣ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር የሚሆን ግፊት ይሰጣል። ጣራ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ እስከ ምድር ቤት 15 ሜትር ቢሆን የምድር ቤቱ ነዋሪ አንድ ባር ተኩል ያህል ያገኛል፤ ሮቶው ከሻወሩ በላይ 2 ሜትር ብቻ የሚርቅበት የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ግን ከ0.2 ባር አያልፍም። «የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ውሃ አይስብም» ብሎ የሚጠራ ደንበኛ ቤት ሄዶ ቫልቭ ከመቀየር በፊት ቀና ብሎ የሮቶውን ከፍታ መገመት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሮቶውን ከፍ ማድረግ መፍትሔ ቢመስልም፣ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ይመዝናልና ማቆሚያውን መሥራት ለበያጅ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይሆንም። መምህራችን የግፊትን ነገር ሲያስረዱ በአጼ ምኒልክ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገባውን የቧንቧ ውሃ ያነሡ ነበር፤ መነሻው ከመድረሻው ከፍ እስካለ ድረስ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ያለ ሞተር መልሶ ዳገት ይወጣል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የፓምፕ ትምህርት ነው። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ፍጹም ፓምፕ እንኳ ከ10.3 ሜትር በላይ ሊስብ አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ ይህ ጣሪያ እዚህ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ሲፋተግ የሚባክነው ሲቀነስለት ደግሞ በተግባር ከዚያም ያነሰ ነው። ከውጭ በመጣ ማሽን ካርቶን ላይ የታተመውን ቁጥር አምኖ ጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ፓምፕ የሚያስቀምጥ ሰው ማሽኑን አቃጥሎ ሻጩን ይወቅሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፍሳሹ ልመለስ። የፍሳሽ መስመር ግፊት የለውም፤ የሚሠራው በተዳፋትና በአየር ነው። የ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ይፈለጋል፤ ስለዚህ የመጸዳጃው መቀመጫ ከቁም ቧንቧው (ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው ዋና የፍሳሽ ቧንቧ) 4 ሜትር ቢርቅ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውርደት ማስፈለጉ ነው፤ ይህንንም ወለሉ በኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ማሰብ ግዴታ ይሆናል። ውሃ ልኩን ቧንቧው ላይ አስቀምጦ «ይወርዳል» ማለት አይበቃም፣ ስንት እንደሚወርድ መለካት ያስፈልጋል። ቤት አጣቢዋ ውሃ ስትደፋ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ከመሄድ ይልቅ ወደ በሩ የሚፈስባቸውን መታጠቢያ ቤቶች የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አየሩ ከዚህ የባሰ የተዘነጋ ነው። በእያንዳንዱ የእጅ መታጠቢያ፣ መጸዳጃና የወለል ማስወገጃ ሥር ሲፎን አለ፤ በውስጡ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ተኝቶ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታ ያግዳል። ከላይ ፎቅ ሲለቀቅ በቁም ቧንቧው የሚወርደው ውሃ አየር እየጎተተ ይሄዳል፤ አየሩ ጣራ ላይ ከወጣው ማናፈሻ ቧንቧ መምጣት ካልቻለ በጎረቤት ሲፎን በኩል ይስባል፣ የተኛውንም ውሃ ይዞት ይሄዳል። ታች ያለው ነዋሪ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ከቁም ቧንቧው ግርጌ የታመቀው አየር በእርሱ መጸዳጃ በኩል እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። ማናፈሻው «አያምርም» ተብሎ ከጣራው በታች ተቆርጦ በክዳን የተዘጋበት ሕንፃ በትብብር ሥልጠና ላይ ሳለሁ አይቻለሁ፤ ነዋሪዎቹ ከመጥፎው ጠረን የተነሣ ተማረው መጸዳጃ መቀመጫ እስከመቀየር ደርሰው ነበር። መቀመጫው ምንም አልነበረበትም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ቀላል ምክር ልስጥ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ብዙ ቤተሰብ ሻወሩን ትቶ በባሊ ስለሚጠቀም የወለሉ ሲፎን ለሳምንታት ውሃ ሳያገኝ ይቆያል፤ በውስጡ ያለው ውሃም ተንኖ ያልቃል። ቤቱ በድንገት መሽተት ከጀመረ ባለሙያ ከመጥራት በፊት አንድ ጣሳ ውሃ እዚያ ማፍሰስና እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ይገባል።

የግፊት ፍተሻ ሌላው ትዕግሥት የሚጠይቅ ትምህርት ነው። መስመሩ ተዘርግቶ ሲያበቃ ውሃ ይሞላል፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ከዚያም በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ተጭኖ የግፊት መለኪያው ጌጅ ይታያል። ፒፒአር በግፊት ጥቂት ስለሚለጠጥ መርፌው መጀመሪያ ላይ ዝቅ ይላል፤ ጀማሪ ይህን አይቶ ያፈስሳል ብሎ ሲደነግጥ፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው እንደገና ሞልቶ እስኪረጋ ይጠብቃል። ልሳኙና ሴራሚክ ሠሪው በር ላይ ቆመው በሚያጉረመርሙበት ሰዓት ይህን ጥበቃ አለማቋረጥ ከሙያው ከባድ ክፍሎች አንዱ ነው።

በትብብር ሥልጠናው የተመደብኩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ፎርማን ሥር ነበር። ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ነገር ግን ሜትር ሳይዙ የቆረጡት ቧንቧ ልክ የሚሆንላቸው ሰው ናቸው። ስለ ማናፈሻውና ስለ ፍተሻው ሳነሣባቸው «ልጄ፣ ባለቤቱ የማያየውን ሥራ ማን ይከፍልሻል?» አሉኝ። ንግግራቸው አስቆጥቶኝ የነበረ ቢሆንም እውነትነቱን አልክድም፤ ክፍያው የሚታሰበው በተዘረጋው ቧንቧ ርዝመትና በተገጠመው ዕቃ ቁጥር ሲሆን፣ የፍተሻው ቀን በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የቧንቧ ባለሙያ ግዴለሽ ነው የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ ትክክል የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለጣሊያን ሠራሽ የቧንቧ እጀታ ውድ ዋጋ የሚከፍል ባለቤት ለመፈተሻ ግማሽ ቀን አይከፍልም። አሁን የሥራ ዋጋ ሳቀርብ ፍተሻውን ራሱን በቻለ መስመር እጽፈዋለሁ፤ ሒሳብ አያያዝ መማሬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

ኮሌጆቹ ጉድለት የላቸውም ማለቴ አይደለም። በወርክሾፓችን ፒፒአሩ ከአንዱ ሠልጣኝ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በየተራ እየተቆረጠ ያጥር ስለነበር፣ የመጨረሻው ሠልጣኝ የሚለማመደው እንደ ጣት ባጠረ ቁራጭ ነበር። የፍሳሽ ትምህርትም በብዙ ቦታ በሰሌዳ ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ዕቃና ሰፊ ቦታ ይፈልጋልና። ስለዚህ በአዲስ አበባ እንጦጦም ሆነ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትም ሆነ ሌላ የመንግሥት ወይም የግል ኮሌጅ ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ሕንፃውን ሳይሆን ወርክሾፑን ገብቶ እንዲያይ እመክራለሁ። ሠልጣኞች ሙሉ መታጠቢያ ቤት ከነፍሳሹ የሚገጥሙበት ግድግዳና ከፍ ያለ ወለል አለ ወይ? የግፊት መፈተሻ ፓምፑ ከሣጥኑ ወጥቶ ያውቃል ወይ? የትብብር ሥልጠናው ቦታ በኮሌጁ ይፈለጋል ወይስ ሠልጣኙ ራሱ ይለምናል? መልሶቹን ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ወርክሾፕ ውስጥ ካሉት ሠልጣኞች ማግኘት ይሻላል።

ሙያውን በልምድ ይዘው ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ደግሞ የግድ ከመጀመሪያው ክፍል መግባት አይጠበቅባቸውም፤ የብቃት ምዘናው በሥራ ላይ ለተማሩም ክፍት ነው። ከማውቃቸው መካከል ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች የተቸገሩት በእጅ ሥራው ሳይሆን በፕላን ንባብና በፍሳሽ ስሌት ነበር። እነዚህን ሁለቱን በማታ ወይም በአጫጭር ሥልጠና ይዞ መቅረብ ይቻላል።