ብርጭቆ ወረቀቱና የደማስቆው አፈሙዝ

በእንግሊዟ በርሚንግሃም በአንድ የአደን ጠመንጃ መጠገኛ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ ደንበኛ የአያቱን ባለ ሁለት አፈሙዝ ይዞ መጣ። «ሰደፉ ተነቃንቋል፤ አጥብቁልኝ» ብሎ ትቶልን ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ መዶሻዎቹ በውጭ የሚታዩ ጠመንጃ ነው። አለቃዬ ለምሳ ሲወጡ ደንበኛውን ላስደስት ብዬ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። ቡናማውን አፈሙዝ እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት፤ ጎድጎድ ያለውንም የሰደፍ አንገት አስተካከልኩት።

አለቃዬ ሲመለሱ አልተቆጡም። አፈሙዙን ከሰደፉ ነጥለው አንጠለጠሉና በጥፍራቸው መታ አደረጉት። እንደ መረዋ ረጅም ድምፅ ሰጠ። «መጋጠሚያው አልላላም፤ ይህንን አላበላሸህም» አሉኝና የጠፋውን ወደ ማሳየት ገቡ።

አፈሙዙ የደማስቆ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት ይሠራ የነበረው የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ ከዚያም ተጠምጥመው በእሳት እየተቀጠቀጡ ነው። ፈትጌ ያጠፋሁት የጉንጉኑ ጥለት በብረቱ ውስጥ ስላለ በብዙ ቀን ሥራ ይመለሳል። የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት ማኅተም ግን አይመለስም። ይህ ቤት ከ1813 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክ ያለፈ ባሩድ ጭኖ እየተኮሰ፣ ፈተናውን ባለፈው አፈሙዝ ላይ ብቻ ምልክቱን ያትማል። የእኛው ጠመንጃ ዘውድና የተመሳቀሉ በትረ መንግሥቶች ነበሩበት፤ አደብዝዤአቸዋለሁ። የአፈሙዙንም ግድግዳ አሳስቼዋለሁ፤ ይህ ደግሞ ለተኳሹ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ጥፋቴን ለባለቤቱ ራሴ ነገርኩት። ጠመንጃውን አንስቶ እጁን የሰደፉ አንገት ላይ አሳረፈ። አውራ ጣቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲፈልግ አየሁት። «እዚህ ጋ የአያቴ ጣት ያረፈበት ጎድጓዳ ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያ አውራ ጣት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ያረጀ ጠመንጃ ሲመጣ መሣሪያ ከማንሳቴ በፊት አገላብጬ አየዋለሁ። የቀኙን አፈሙዝ የሚተኩሰው የፊተኛው ምላጭ አልቆ የኋለኛው እንደ አዲስ ከሆነ፣ ሁለተኛ ጥይት እምብዛም ያላስፈለገው ሰው ይዞት እንደነበር እገምታለሁ። የሰደፉ ግራ ጎን ቀለሙን ከለቀቀ ጉንጭ ያረፈው እዚያ ነው፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ያመጡት ጠመንጃ የለቀቀው በቀኙ ጎን ነበር። «ባለቤቱ ግራኝ ነበሩ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«አባቴን ታውቃቸው ነበር እንዴ?» አሉኝ።