ቢልባዎን በወንድሜ ስልክ

በፈረንጆቹ 2023/24 የስፔን ሊግ፣ ላ ሊጋው፣ አለቀ። አትሌቲክ ቢልባዎ በ68 ነጥብ 5ኛ ሆነ። 4ኛው አትሌቲኮ ማድሪድ 76 ነጥብ ስላለው ሻምፒዮንስ ሊግ አልተገኘም፤ ዩሮፓ ሊግ ግን ገቡ። ስለ ሊጉ ብዙ የምለው የለኝም። አጥቂው ጉሩሴታ 14 ጎል አገባ፣ በረኛው ኡናይ ሲሞን ጥቂት ጎል በማስተናገድ የሳሞራን ሽልማት ወሰደ። ጥሩ ዓመት ነበር። እኔ ግን ዛሬም የማስበው የመጋቢት 28ን ሌሊት፣ የዋንጫውን ፍጻሜ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጀርመን ነው ያለው። የሄደው በሱዳንና በሊቢያ በኩል ነው። እዚህ እያለ እንደ ሰፈራችን ልጅ ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ነበር የሚያየው፤ እሱ አርሴናል፣ እኔ ማንቼ። ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ደወለና «ቢልባዎን ታውቃለህ?» አለኝ። በስም አውቀዋለሁ አልኩት። የሚያሰልፈው ሰሜን ስፔን ያለው ባስክ ምድር የተወለደ ወይም እዚያ ኳስ ተምሮ ያደገ ተጫዋች ብቻ እንደሆነ፣ በዚህ ደንብ ከላ ሊጋ አንዴም ወርዶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከእሱ ሌላ ወርደው የማያውቁት ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ብቻ ናቸው። «ታዲያ የራሱን ሰው ብቻ የሚፈልግ ክለብ ለአንተ ምንህ ነው?» አልኩት። «ኢናኪን እይ» አለኝ።

አየሁ። የቢልባዎ ተጫዋቾቹ የወንድማማቾቹ የኢናኪና የኒኮ ዊሊያምስ ወላጆች ከጋና ተነስተው ሰሃራን ያቋረጡ ሰዎች ናቸው። ከፊሉን መንገድ በእግራቸው ነው የሄዱት። ሰሜን አፍሪካ ያለችውን የስፔን ከተማ የሜሊያን አጥር ዘለው ስፔን ገቡ። አባትየው በዚያ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ ስለሄደ የውስጥ እግሩ እስከ ዛሬ እንደሚያመው ኢናኪ ራሱ ተናግሯል። ቢልባዎ ሲደርሱ አንድ ቄስ ረዳቸው፤ ኢናኪ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቄስ ነው። ከ8 ዓመት በኋላ ኒኮ ፓምፕሎና ተወለደ። አባትየው ለእንጀራ ብሎ ለንደን ሲሠራ ትንሹን እንደ አባት ያሳደገው ታላቁ ነው። ዛሬ አንዱ ለጋና፣ አንዱ ለስፔን ይጫወታል። በቢልባዎ ማሊያ ግን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ መስመር አብረው ይሮጣሉ። የራሱን ሰው ብቻ የሚፈልገው ክለብ እነሱን የራሴ ብሏል። ወንድሜን የያዘው ይህ ነው። ቀስ በቀስ እኔንም ያዘኝ።

በዚያው ዓመት በንጉሡ ዋንጫ፣ በኮፓ ዴል ሬይ፣ ሩብ ፍጻሜው ባርሴሎና ነበር። ኢናኪ ከጋና ጋር አይቮሪ ኮስት ለአፍሪካ ዋንጫ ሄዶ ነበር። ጋና ከሞዛምቢክ 2 ለ 2 ወጣችና ከውድድሩ ተሰናበተች። በሁለተኛው ቀን ኢናኪ የቢልባዎ ሜዳ ሳን ማሜስ ነው። ተቀይሮ ገባ፣ በጭማሪ ሰዓት አገባ። ከዚያ ኒኮ ጨመረ፤ 4 ለ 2። ያንን ሌሊት ወንድሜ ሥራ ላይ ስለነበር ጎሎቹን አንድ በአንድ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። በግማሽ ፍጻሜው አትሌቲኮ ማድሪድን በደርሶ መልስ 4 ለ 0 አሸነፉ።

የቢልባዎን ሰው ለመረዳት ግን የተሸነፉትን ፍጻሜዎች መቁጠር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የመጨረሻውን የንጉሥ ዋንጫ ያነሡት በፈረንጆቹ 1984 ነበር፤ የነማራዶናን ባርሴሎና 1 ለ 0 አሸንፈው። ከዚያ 1985፣ 2009፣ 2012፣ 2015 ተሸነፉ። 2021 ላይ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ፍጻሜ ተሸነፉ፤ መጀመሪያ በጎረቤታቸው ሪያል ሶሲዬዳድ፣ ቀጥሎ በባርሴሎና። ሁለቱም ሴቪያ፣ ላ ካርቱሃ ሜዳ ላይ ነው። የ2024ቱም ፍጻሜ እዚያው ነበር፤ ከማዮርካ ጋር። በዚህ ልብ እንዴት ወደዚያ ሜዳ እንደተመለሱ ሳስብ ይገርመኛል።

ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ማታ 5 ሰዓት ተጀመረ። ወንድሜ በቪዲዮ ደወለና ስልኩን ከቡና ቆርቆሮ ጋር አስደግፎ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረው። የሜዳው ግራ ጥግ አይታየኝም፤ ኒኮ ደግሞ የሚሮጠው በዚያው ነው። ኳሱ ወደዚያ ሲሄድ የወንድሜን ትንፋሽ ነው የምሰማው። ማዮርካ በ21ኛው ደቂቃ በዳኒ ሮድሪጌዝ አገባ። ሁለታችንም ዝም አልን። ከእረፍት መልስ ኒኮ አቀበለ፣ ሳንሴት አገባ። ወንድሜ ጮኸና ቆርቆሮው ወደቀ። ለጥቂት ደቂቃ ጣሪያ ብቻ አየሁ።

ጭማሪ ሰዓቱም 1 ለ 1 አለቀ። መለያ ምት ሆነ። አሰልጣኙ ቫልቬርዴ በዋንጫው ሁሉ ያሰለፈውን በረኛ አጊሬሳባላን በፍጻሜውም አልቀየረውም፤ የስፔን አንደኛ በረኛ ሲሞን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ይህን ውሳኔ በጣም ነው የወደድኩት። አጊሬሳባላም የማዮርካውን የሞርላኔስን ምት አዳነ። ሌላው የማዮርካ ተጫዋች ራዶኒች ወደ ላይ ሰደዳት። ከእኛ ራውል ጋርሲያ፣ አምበሉ ሙኒያይን፣ ቬስጋ አገቡ። ቤሬንጌር ኳሷን ሲያስቀምጥ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

መልሼ ብደውል አይገባም። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ራሱ ደወለ። ካሜራውን አጥፍቶታል። «በላን!» አለኝ፣ ድምፁ ታንቆ። 40 ዓመት ሲጠብቁ ለነበሩት ሰዎች ማልቀሱ መሰለኝ። ቆይቶ «የእኔም እግር ብርድ ሲሆን ያመኛል» አለ። ስለዚያ በረሃ ከሄደ ጀምሮ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። ምን እንደምለው ጠፋኝ። «አይዞህ ጋሼ» ብቻ አልኩት።

ማግስቱ ደብረ ዘይት ነበር። እማዬ ለቅዳሴ ነጠላዋን ስታደርግ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ከወንድምህ ጋር ስታወሩ ነበር፤ ደህና ነው?» አለችኝ። ደህና ነው፣ ኳስ እያየን ነው አልኳት። ሐሙስ ደግሞ ቡድኑ ላ ጋባራ በምትባለው ጀልባ ዋንጫውን ይዞ በቢልባዎ ወንዝ ላይ ሲያልፍ ቪዲዮውን አሳየኋት። ከ1984 ወዲህ ለዋንጫ ወጥታ አታውቅም ነበር። ዳርና ዳሩ ሰው ብቻ ነው፣ ድልድዩ ሁሉ ቀይና ነጭ። እማዬ መነፅሯን አድርጋ ኢናኪና ኒኮን አየቻቸው። «ወንድማማች ናቸው?» አለች። ናቸው አልኳት።

ስለ እግሩ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።