ጎማው ውሃ አለው ወይ?

ትራክተሬን የምጭንበት ተሳቢ ልገዛ ነው ብዬ ስነግራቸው ጅማ አጂፕ አካባቢ ያሉት አዛውንት በያጅ ዋጋውን አልጠየቁኝም። የት እንዳየሁትም አልጠየቁኝም። የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና "የትራክተርህ የኋላ ጎማ ውሃ አለው ወይ?" አሉኝ።

"የምን ውሃ ጋሼ?"

ትራክተሩ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ከመሬት ምስማር አነሱና ወደ ኋላው ጎማ ሄደው ጎንበስ አሉ። የቫልቩን ክዳን ፈቱ። በምስማሩ ጫፍ ጫን ሲያደርጉት አየር ፊሽ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ፊጭ ብሎ ወጣና ሱሪዬን አበሰበሰው። ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። "እንግዲህ ሂሳብህን እንደገና ሥራ" አሉና ወደ ብየዳቸው ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ውሃ ምክንያት ነው። ትራክተሩን ያገለገለ ከገዛሁት ሁለት ዓመት አልፎታል። ማሴ ፈርጉሰን 385 ነው፣ 85 የፈረስ ጉልበት። ውስጡ ውሃ እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ውሃው የሚሞላው ለሥራ ነው። ማረሻው አፈር ውስጥ ገብቶ ሲጎትት የኋላ ጎማ ቀላል ከሆነ ባለበት ይሽከረከራል። ናፍጣ ይበላል፣ መሬት አይታረስም። ስለዚህ የጎማውን ሦስት አራተኛ ያህል ውሃ ይሞሉታል። የኔ የኋላ ጎማ ቁጥሩ 18.4-30 ነው። አንዱ ብቻ 300 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ኩንታል። አሥራ ሁለት ከረጢት ዩሪያ ትራክተሩ ላይ ጭኜ ስዞር ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ተሳቢ ለምን አስፈለገኝ? ሥራዬ ማረስ ነው። የምኖረው ጅማ ከተማ ነው፣ የማርሰው ግን ቀርሳ፣ ኦሞ ናዳ፣ አንዳንዴም ሰቃ ጨቆርሳ ነው። ትራክተሩን አስፋልት ላይ መንዳት ይቻላል። እስከ ሰርቦ ያለችው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ብዙም አትጎዳም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ፍጥነት ነው፤ ከኋላ አውቶቡስና ሚኒባስ ተሰልፎ ጥሩንባ ይነፋል። ጎማው ደግሞ የተሠራው ለአፈር ነው። አስፋልት ላይ ጥርሱ እንደ ላጲስ ያልቃል። አንድ የኋላ ጎማ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያወጣ የገዛ ያውቀዋል።

እናም የታላቅ ወንድሜን አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር እየተዋስን እላዩ ላይ እንጭነው ነበር። የሚጫንበትን መንገድ ገጠር የሠራ ሁሉ አይቶታል። ከፍ ያለ ጉብታ ይፈለጋል። መኪናው ጀርባውን ለጉብታው ይሰጣል። ሁለት ጣውላ ይዘረጋና ትራክተሩ በጣውላው ላይ ተንደርድሮ ይገባል።

አምና ሰኔ ውስጥ ኦሞ ናዳ የጤፍ መሬት አርሰን ስንመለስ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጉብታው ቀይ ጭቃ ነው። መሪው ላይ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነው። የፊት ጎማዎቹ ገቡ። የኋላዎቹ ጣውላው መሃል ሲደርሱ የግራው ጣውላ ከአይሱዙው ጫፍ ሸርተት አለ። ትራክተሩ ወደ ግራ ተንጋደደ። ጎማው በመኪናውና በጉብታው መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ። የወንድሜ ፊት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አልጮኸም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ያያል፣ ምን ላድርግ እንደሚል። "ሞተሩን አጥፋና በቀኝ ውረድ" አልኩት። ወረደ። የመንደሩ ሰው ግንድና ድንጋይ አምጥቶ ከሥሩ እየደገፈ እስከ ማታ አወጣነው። አንዲት ጭረት የነካው ሰው የለም፣ ተመስገን። ለእናታችን የነገርናት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ጣውላ በቃ አልኩ።

ብር ሳጠራቅም ቆይቼ ጥር ላይ አንድ ደላላ ቃሊቲ ወሰደኝ። ተሳቢው ያምራል። አረንጓዴ ቀለሙ ገና ይሸታል። ወለሉ ወፍራም ላሜራ ነው፣ በጫማዬ ብመታው ድም አይልም። ሻጩ "አሥር ቶን ያለምንም ችግር" አለኝ። ቀብድ 20 ሺህ ብር ልከፍል ከኪሴ ማውጣት ጀምሬ የበያጁ ቃል ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ሂሳብ።

ሂሳቡን እዚያው በስልኬ ሠራሁት። ትራክተሩ ወደ ሠላሳ ኩንታል። ውሃው ስድስት። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻው አራት። ተሳቢው ራሱ ባዶውን አሥራ አራት ኩንታል ነው አሉኝ። ድምሩ ሃምሳ አራት። ይህ ሁሉ የሚያርፈው አራት ጎማ ላይ ነው።

አሁን ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ሻጭ ሊለውጠው የማይችለው ነገር ይሄ ነው። ከጎማው መጠን ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚናገር ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ግን ኪሎ አይደለም፣ ሰንጠረዥ አለው። ቃሊቲ ያየሁት 104 ይላል። 104 ማለት 900 ኪሎ ነው። በአራት ስናባዛው ሠላሳ ስድስት ኩንታል። እኔ ልጭንበት ያሰብኩት ሃምሳ አራት። አሥር ቶን የተባለው ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ ከሥሩ ገባሁ። ጋሼ የሽቦ ብሩሽ አስይዘውኝ ነበር። መጎተቻው ዘንግ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ብየዳ በደንብ ፈግፍገህ እይ ብለውኛል። ፈገፈግኩት። አረንጓዴው ቀለም ሲነሳ ከሥሩ ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲራገፍ ጥፍሬ የሚገባበት ስንጥቅ። ርዝመቱ የመሃል ጣቴን ያህላል። ይህ ቦታ ነው እንግዲህ ትራክተሩን ሙሉ የሚጎትተው። ስንጥቁን በቀለም የሸፈነ ሰው ከኋላው ማን እንደሚነዳ አላሰበም። ብሬን ወደ ኪሴ መልሼ ወጣሁ። ደላላው እስከ መንገዱ ድረስ እየተከተለ ይለምነኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ፈለግኩ። በመጨረሻ ወሊሶ አገኘሁ። መንገድ ሲሠራ የነበረ አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ይሸጣል ተባለ። ተሳቢው አነስ ያለች ሮለር ሲያመላልስ የኖረ ነው። መልኩን አትጠይቁኝ። ቀለሙ ነጥቷል፣ የጎን ብረቱ ተጣሟል፣ የኋላ መብራቱ የለም። ግን የፋብሪካው ሰሌዳ ከነምስማሩ ሻንሲው ላይ አለ፤ ጠቅላላ ክብደት 8,000 ኪሎ ይላል። ሁለት አክስል፣ በየጫፉ ደብል ጎማ፣ ስምንት ጎማ ማለት ነው። መጠናቸው 7.50-16። ደብል ሲገጠሙ አንዱ 1,320 ኪሎ ይችላል። ይህኛው ባዶውን አሥራ ስምንት ኩንታል ስለሆነ የኔ ድምር ሃምሳ ስምንት ሆነ። ከሰሌዳው በታች ነኝ። ጎማው ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ነው።

ከሥሩም ገባሁ። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ አልተሰበረም። ብየዳው የፋብሪካ ነው፣ እንደ ተደረደረ ሳንቲም ወጥ ሆኖ የወረደ። ዝገት አለ፤ ግን ሲፈገፈግ ከሥሩ ጤነኛ ብረት ነው። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይቼ፣ ስም ማዞሩን ጨርሼ፣ ከፍዬ ተረከብኩ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልጨምር። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ አዲስ ነው አትበሉ። ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2718 ካለ በፈረንጆች 2018 በ27ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስምንቱ ሁለቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ጎናቸው እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ሁለቱን ለመተካት ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ሶማሌ ተራ ገዛሁ።

ወደ ጅማ የጎተትነው ባዶውን ነው። ሾፌሩ ተሳቢ የሚጎትት መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ልምድ ያለው ሰው ነው። ወልቂጤ ላይ አቁሞ ወረደና መዳፉን እያንዳንዱ ጎማ መሃል ላይ እያሳረፈ ዞረ። እኔም ተከተልኩት። ደብሉ ጎማ መሃሉ አንድ ስለሆነ የሚነካው አራት ቦታ ነው። ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። የኋላው ቀኝ ግን እጅ አያስቀምጥም። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ ጨርሷል። እዚያው ፈትተን፣ አጥበን፣ ግራሶ ሞልተን ገጠምነው። ሳናይ የጊቤን ቁልቁለት ጀምረን ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም።

ጅማ ስንደርስ ጋሼ ፍሬኑን ፈተኑት። ተሳቢው የአየር ፍሬን ነው፤ በሁለት ቱቦ ከመኪናው ጋር ይገናኛል። አይሱዙው ላይ የአየር መውጫ አስገጠምን። ከዚያ ጋሼ ወጣ ያለች ዳገት ላይ አስቆሙንና ሾፌሩን ቀስ ብለህ ሂድ አሉት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቀዩን ቱቦ ነቀሉት። ፊሽ! የሚል የአየር ድምፅ ተሰማ፣ ስምንቱም ጎማ ቀጥ አለ። መኪናው ጎትቶ አልጎተተውም። "ቢላቀቅብህ ራሱን ይይዛል። ይሄ የሌለውን ተሳቢ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ" አሉኝ። እኔም ለእናንተ በእሳቸው ቃል እላለሁ።

የቀረውን እሳቸው ሠሩት። የኋላ መብራትና ፍሬቻ፣ አንጸባራቂ፣ አራት ማዕዘን ላይ የሰንሰለት ማሰሪያ ቀለበት። ዋናው ግን መወጣጫው ነው። የተሳቢው ወለል ከመሬት ሰማንያ ሳንቲ ነው። መወጣጫውን ሁለት ሜትር ተኩል አደረጉት፣ ዳገቱ እንዳይቆም። እንዳያንሸራትት ፌሮ ብረት በየአንድ ስንዝሩ አግድም በየዱበት። ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው። መንጠቆው ተሳቢው ላይ ካለ ወፍራም ዘንግ ጋር ይቆለፋል፤ ፒን ይገባበታል። ሸርተት የሚል ነገር የለም። ይህን መንጠቆ ሲበይዱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስለ ኦሞ ናዳው ነግሬያቸው ስለነበር ሦስቴ ደራርበው በየዱት።

አጫጫኑንም አስተማሩን። ትራክተር ከባዱ ጎኑ ኋላው ነው። በፊት ለፊት ወደ ዳገት ሲወጣ አፍንጫው ቀለል ይልና ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ እኛ አሁን ወደ ኋላ ነው የምናወጣው፣ በትንሹ ማርሽ፣ ሾፌሩ ብቻውን ሆኖ፣ ማንም ከታች ሳይቆም። ከወጣ በኋላ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ማረሻው ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ አራት ሰንሰለት ወደ አራት ማዕዘን ይወጠራል። ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ። ገመድ አይሆንም። ገመድ ይለጠጣል፣ ስለት ላይ ይበጠሳል።

የመጀመሪያው ጉዞ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነበር። ወደ ኦሞ ናዳ፣ ለበቆሎ መሬት። ታናሽ ወንድሜ ራሱ ካልጫንኩት አለ። ልከለክለው ፈልጌ ነበር። ከዚያ መወጣጫውን ፒኑን እየነካካ ሁለቴ ሲያየው ዝም አልኩ። ቀስ እያለ ወጣ። ጎማው ፌሮውን ሲነክስ ይሰማል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ላይ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ሰርቦ ስትደርሱ ቁሙ" አሉን።

ሰርቦ ቆምን። አንደኛው የኋላ ሰንሰለት ላልቷል፣ ጣት ያስገባል። ወንድሜ አጠበቀው። ሻይ ጠጥተን ከመነሳታችን በፊት ተመልሶ አራቱንም በእጁ እየጎተተ ዞረ።