ሊባኖስ ምን ሊሠራ ሄደ?

ዛሬ ጠዋት አጎቴ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ቪዲዮ ለቀቁ። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ እዚያ አዛን ሰምቶ ሰልሟል፣ ከዚያም ሊባኖስ ገብቷል የሚል። "ሳታደርሱ እንዳታልፉ" ይላል ከሥሩ።

ደወልኩ። "ጋሼ፣ ጨረቃ ላይ አየር የለም እኮ። አየር ከሌለ ድምፅ በምን ይመጣል?"

"ታዲያ ሊባኖስ ምን ሊሠራ ሄደ?" አሉኝ።

እውነትም ሰውየው ሊባኖስ ኖሯል። ግን ቤይሩት ያለችበት ሊባኖስ አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ በዚሁ ስም የምትጠራ ትንሽ ከተማ አለች፤ የእርሻ ቦታው እዚያ ነበር። አያችሁ? አንዲት እውነት ጣል ሲደረግበት ነው ወሬ እግር የሚያወጣው። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይቀር ለኤምባሲዎቹ ማስተባበያ ልኳል።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። የዝግመተ ለውጡ ሳይንቲስት ዳርዊን ሊሞት ሲል ተጸጽቶ ወደ ክርስትና ተመለሰ የሚለውን ስንቴ አውርቻለሁ! ልጁ ሄንሪየታ ግን በ1922 እ.ኤ.አ. ጽፋ አስተባብላለች፤ ሲሞት አጠገቡ እሷ ነበረች፣ ወሬውን ያመጣችው ሴትዮ ግን እዚያ አልነበረችም።

"እሺ፣ አጠፋዋለሁ" ብለው ነበር ጋሼ። አሁን ገብቼ ሳይ ቪዲዮው አለ። ከሥሩ ዘጠኝ ልብ፣ አንዱ የእናቴ።