ፌስታሉ ሳያልቅ ቁጥሩ አለቀብን

ድሬዳዋ ኬጂ ነው የማስተምረው፣ መቁጠር ለማስተማር የተሰጠን ወርክሺት ላይ 4 ቁጥር አጠገብ አራት የበረዶ ሰው ተስሏል። የድሬ ልጅ በረዶ የሚያውቀው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አፍንጫው ካሮት የሆነ ነጭ ነገር ሲያይ "ሚስ ይሄ ምንድነው?" ይላል፣ እኔም መቁጠር ላስተምር ገብቼ ስለ በረዶ ሰው ሳስረዳ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አቦ ይሄ ነገር አያዋጣም አልኩና ልጆቹን ወደ ግቢ ማውጣት ጀመርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው እንግዲህ፣ 4 ሰዓት ካለፈ የድሬ ፀሐይ ማንንም አያስቆጥርም።

ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ አለ፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ለመቁጠር ግሩም ነው፣ ግን ትንንሾቹ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፣ የኒም ፍሬ ደግሞ ለልጅ ሆድ አይሆንም፣ ስለዚህ ኬጂ 1 የሚቆጥሩት አፍ ውስጥ የማይገባ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ከደቻቱ ወንዝ በበጋ እኛው አዋቂዎቹ እናመጣለን እንጂ ልጅ ይዘን አንወርድም። ደቻቱ ደረቅ አሸዋ መስሎ ተኝቶ እዚህ ጠብ ሳይል ላይኛው ደጋ የዘነበው ድንገት ይመጣል፣ የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ መቁጠሩ። አብዛኞቹ ልጆች ሲመጡ እስከ 20 ይላሉ፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በኦሮምኛ ቶኮ ለማ፣ አንዳንዱ በሶማሊኛ ኮው ለባ፣ ያሻቸውን ይበሉ ችግር የለም። ግን "እስቲ አምስት ድንጋይ ስጠኝ" ስትለው እፍኙን ሞልቶ ይሰጥሃል። ወይ አንዱን ድንጋይ ሁለቴ ይነካል፣ ወይ አፉ ከጣቱ ቀድሞ ሄዶ ሶስት ድንጋይ ላይ ሰባት ይደርሳል። ጌልማን እና ጋሊስቴል የሚባሉ ሳይኮሎጂስቶች በፈረንጆቹ 1978 ይሄን ነገር በደንብ በታትነው አስቀምጠውታል፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቁጥር ብቻ፣ የቁጥሩ ቅደም ተከተል ሁሌም ያው፣ መጨረሻ ላይ የተጠራው ቁጥር ደግሞ የሁሉም ብዛት ነው። ሶስተኛዋ ናት የምታስቸግረው። "አንድ ሁለት ሶስት አራት" ብሎ ይጨርስና "ስለዚህ ስንት ናቸው?" ስትለው እንደገና ከአንድ ይጀምርልሃል። ለዚህ እኔ ያገኘሁት መላ የቆጠረውን ወደ ጣሳ እንዲከት ማድረግ ነው፣ የተቆጠረው ካልተቆጠረው ይለያል፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ስንት እንደሆነም ሳያይ ይናገራል።

ፌስታሉ የመጣው ግን ሳላስበው ነው። አጥራችን እሾህ ነው፣ ነፋስ ያመጣው ፌስታል ሁሉ እዛ ላይ ይቀራል፣ አንዱ ልጅ ድንጋዩን ትቶ እሱን መቁጠር ጀመረ፣ የሚያውቀው እስከ 20 ነው፣ 20 ደርሶ ዞር አለና "ሚስ ቁጥሩ አለቀ፣ ፌስታሉ አላለቀም" አለኝ። ሳቄ መጣ። ሌላዋ ደግሞ ጥቁሩን እያሳየች "ይሄ የአባቴ ነው፣ የጫት" አለች።

ስለ አካባቢ ጥበቃ ንግግር አላደረግኩም። ፌስታሉን የጣለው የአራት ዓመት ልጅ አይደለም፣ ታዲያ ለምንድነው እሱን የምናስጨንቀው? ይልቅ በሌላ ቀን እኔ በእንጨት እያነሳሁ መሬት ላይ በየዓይነቱ ደረደርን፣ ፌስታል በአንድ መስመር፣ ቆርኪ በአንድ፣ ሃይላንድ በአንድ። ቆርኪዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ መስመራቸው አጭር ሆነና ብዙ ሆነው ሳለ "ትንሽ ናቸው" አሉ፣ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ፒያዤ የሚለው እሱን ነው፣ ልጅ ብዛትን በመስመሩ ርዝመት ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ፌስታልና ቆርኪን አንድ ለአንድ ፊት ለፊት አጋጠምናቸው፣ ያኔ የቆርኪው ተረፈ። ሃይላንድ ግን ሁለት ብቻ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ኬጂ 2 ያለች ልጅ "ሃይላንድ እኮ ቁራሌው ይገዛል" አለች! ዋጋ ያለው ነገር መሬት ላይ አይገኝም ማለት ነው፣ እኔ እንኳን እስከዛ ሰዓት በዛ በኩል አላሰብኩትም ነበር። ስለ ቆሻሻ ከተሰበሰብንባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የልጅቷ መልስ ይሻለኛል።

ወላጆች ጋ ነው ጭቅጭቁ። አንዷ እናት በር ላይ ይዛኝ "ቲቸርዬ የጎረቤት ልጅ እስከ 100 ደርሷል፣ የኔ ድንጋይ ብቻ ነው እንዴ የሚለቅመው?" አለችኝ። ክርክር ስላልፈለግኩ "እስቲ ምሳ ስታቀርቢ ለሁላችን ማንኪያ አምጣ በይው" አልኳት፣ ቤት ውስጥ አምስት ናቸው። በነጋታው መጥታ አራት ነው ያመጣው አለችኝ፣ ተሳሳተ ብላ ልትቆጣው ስትል "አባባ ምሳ አይመጣም እኮ" ብሏታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ከዛ ግን ቦርሳዋን አስተካክላ "እሺ 100ስ መቼ ነው?"