በጠብታ ያልዳነ የድመት ዓይን፦ ምርመራው በየትኛው ተራ?

ቀልቶ የሚያነባ የድመት ዓይን አንቲባዮቲክ ጠብታ ተደርጎለት በ7 ቀን ካልተሻለው ጠብታ መቀያየሩ ይብቃ። ከዚህ በኋላ የሚያዋጣው እንደ አዲስ፣ በሥርዓት መመርመር ነው። ብዙዎቹ ያልተለመዱ ኢንፌክሽኖች የሚያመልጡን ተራው ስለሚዛባ ነው፤ አንዱ ምርመራ የሌላውን ናሙና ያበላሻል። እስካሁን ያስተካከልነው አሠራር ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ እጅ ሳይነካት ሁለቱን ዓይኖች ማነጻጸር። የታመመው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? ትጨፍናለች? ብሌኖቹ እኩል ናቸው? ቀጥሎ የእንባ መለኪያ ወረቀቱን (ሺርመር) በታችኛው ቆብ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ማኖር፤ ምንም ጠብታ ሳይገባ። ጤነኛ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ታሳያለች። የደነገጠች ድመት ግን ዓይኗ ጤነኛ ሆኖም ቁጥሩ ሊያንስ ስለሚችል በአንድ ልኬት ብቻ «ድርቀት ነው» አይባልም።

የፒሲአር (የጀርሙን ዘረ መል የሚፈልግ ምርመራ) እና የካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ናሙና የሚወሰደው እዚህ ላይ ነው፤ ማደንዘዣውም ማቅለሚያውም ሳይደርስበት። በጠብታዎቹ ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችላል። ከዚህ የባሰው ስሕተት ዓይናሩን ጠርጎ መላክ ነው። ሄርፐስ የተባለው ቫይረስም ክላሚዲያ የተባለው ባክቴሪያም የሚራቡት ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ላቦራቶሪው የሚፈልገው ሕዋስ ነው። ስለዚህ ዓይናሩን ንጹሕ የጨው ውሃ በነካ ጋዝ ጥረጉ፤ የታችኛውን ቆብ ገልብጡ፤ የላስቲክ እጀታ ያለውን ስዋብ (የናሙና መውሰጃ ዘንግ) በቀላው ሽፋን ላይ ጫን አድርጋችሁ 5 ወይም 6 ጊዜ አሽከርክሩ። ለፒሲአር የሚሄደው ደረቅ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ጄል ያለበት ማጓጓዣ ለካልቸር ነው።

ከዚያ የማደንዘዣ ጠብታ፣ ቀጥሎ ፍሎረሰይን፣ ማለትም ቁስልን አረንጓዴ አድርጎ የሚያሳይ ማቅለሚያ። ወረቀቱን በ1 ጠብታ የጨው ውሃ አርሱና የላይኛውን ነጭ የዓይን ክፍል ብቻ አስነኩ። ኮርኒያውን (ግልጹን የዓይን የፊት ሽፋን) ከነካ እዚያው አረንጓዴ ምልክት ይተውና ቁስል ይመስላል። በደንብ እጠቡት፤ ያልታጠበ ንፍጥም ቀለም ይይዛል። መብራቱን አጥፍታችሁ በሰማያዊ ብርሃንና በማጉያ መነጽር እዩ። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሰነጣጠቀ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ካያችሁ ሄርፐስ ነው፤ ከዓይን ምልክቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚታመን የለም። መስመሩ የፀጉር ያህል ስለሚቀጥን ያለ ማጉያ በቀላሉ ይታለፋል።

ኮርኒያን መፋቅ የመጨረሻው ነው። ከማቅለም በፊት ከተፋቀ ራሳችን የፈጠርነውን ቁስል እናያለን። በኮርኒያው ላይ እንደ እርጎ ጭብጥ ያለ ነጭ ወይም ሮዝ ጉብታ ካለ በስካልፔል (የቀዶ ሕክምና ምላጭ) ድንዙዝ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፍቁ፤ ስላይድ ላይ ቀቡ፤ አቅልሙ። ኢኦሲኖፊል ወይም ማስት ሴል (የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት) ከታየ ነገሩ ኢኦሲኖፊሊክ ኬራታይተስ፣ ማለትም በእነዚህ ሕዋሳት የሚመጣ የኮርኒያ ብግነት ነው፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ነው። ፍሎረሰይን ቁስል እያሳየ ግን ስቴሮይድ አይጀመርም፤ ሄርፐስ ከሥሩ ካለ ቁስሉን ያጠልቀዋል። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የተጣበቀ፣ የማይፋቅ ንጣፍ ሌላ ነገር ነው፦ ሴኩዌስትረም፣ ማለትም የሞተ የኮርኒያ ክፍል። አትታገሉት።

የፒሲአር ውጤት ሲመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሄርፐስ አንዴ ከገባ በፊቷ ነርቭ ጉብታ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ድመቷ ስትጨነቅ ይወጣል። ስለዚህ ጤነኛ ድመትም ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች፤ የታመመችውም ኔጋቲቭ። ክላሚዲያ ግን በጤነኛ ድመት እምብዛም ስለማይገኝ ፖዘቲቩ የበለጠ ይመዝናል፤ በተለይ ሕመሙ በአንድ ዓይን ጀምሮ፣ ሽፋኑ ውሃ እንደሞላ አብጦ፣ ከቀናት በኋላ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ። በስላይድ ላይ በሕዋሱ ውስጥ የክላሚዲያን ነጠብጣብ መፈለግ የሚያዋጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ቅባት የተቀባ ዓይን ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ተመሳሳይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያሳያል። ሕክምናው ዶክሲሳይክሊን በኪሎ 10 ሚሊግራም በቀን፣ ለ4 ሳምንት፣ አብረዋት ለሚኖሩ ድመቶችም ጭምር። እንክብሉን በደረቁ አትስጡ፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስልና ቧንቧውን ያጠብባል። ከኋላው 6 ሚሊሊትር ያህል ውሃ ወይም ምግብ ይከተል። ለሄርፐስ የሰው መድኃኒት የሆነው ቫላሳይክሎቪር ለድመት ገዳይ ነው፤ ፋምሳይክሎቪር ነው የሚሰጠው።

አሁንም መልስ ከሌለ፣ ማደንዘዣው እየሠራ ሳለ ሦስተኛውን ቆብ በድንዙዝ መቆንጠጫ አንሡና ከኋላው እዩ። ቴላዚያ የተባለው የዓይን ትል እዚያ ይደበቃል፦ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚደርስ፣ ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ፣ የሚንቀሳቀስ።  በአውሮፓ የሚያስተላልፈው እንባ የሚልስ ዝንብ ነው። ይህን ቆብ ሳናነሣ «አለርጂ ነው» ማለት የለብንም።

የዓይን ግፊቱ ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ፣ ወይም ከሌላው ዓይን በጣም ከወረደ፣ ሕመሙ ከውስጥ ነው። ጥልቅ ቁስል ባለበት ዓይን ግን ግፊት አይለካም። የውስጥ ብግነት ሲኖር የዓይን ናሙና ብዙም አይረዳም፤ ደም ይወሰድ፦ ኤፍአይቪ (የድመት የመከላከያ አቅም አዳካሚ ቫይረስ)፣ የሉኪሚያ ቫይረስ፣ ቶክሶፕላዝማ (ጥገኛ ተውሳክ)፣ የክሪፕቶኮከስ (ፈንገስ) አንቲጅን። ኤፍአይፒም (በድመት ኮሮናቫይረስ የሚመጣ ከባድ ሕመም) ከሐሳብ አይውጣ። የቶክሶፕላዝማ አይጂጂ (ፀረ እንግዳ አካል) ብቻውን ከፍ ቢል ድመቷ ቀድሞ ተጋልጣ እንደነበር እንጂ አሁን መታመሟን አያሳይም። ድመቷ ካረጀችና ሬቲናዋ (የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ ደም ከታየ ደግሞ ኢንፌክሽን ከማለታችን በፊት የደም ግፊቷን እንለካ፤ በተረጋጋችበት ሰዓት ተደጋግሞ ሲለካ ከ160 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ከሆነ ምክንያቱ እርሱ ሊሆን ይችላል።