ጋቢ የነካው አስኳል

ነገሩ የሆነው ጎንደር ውስጥ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ በአንድ ሱሪያሊስት፣ ማለትም ሕልም የመሰለ ነገር በሚሥል ሰዓሊ ዐውደ ርዕይ ላይ ነው። ጥምቀት ገና ማለፉ ስለነበር ከተማዋ እንግዳ አልጎደለባትም። ሰው በብዛት የሚቆመው ከደብተር ብዙም በማትበልጥ አንዲት ሸራ ፊት ነበር። በሥዕሉ ላይ የፋሲል ግንብ ጉልላቶች እንቁላል ሆነዋል፤ አንዱ ተሰንጥቆ አስኳሉ በግንቡ ላይ ይወርዳል። አስኳሉ በካድሚየም ቢጫ፣ በቀለም ቢላ ተደፍድፎ ከሸራው ወጣ ብሏል።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ገቡ። ስለ ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ሲያወሩ የማይደክማቸው፣ ሥዕል የሚያፈቅሩ ሰው ናቸው። ያጎነበሱት ወደ ሥዕሉ ሳይሆን ወደ መግለጫው ነበር። ካርዱ ከፍሬሙ ሥር ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተለጥፏል፤ ፊደሉ 10 ነጥብ ነው። እሱን ለማንበብ አፍንጫን ሸራው ላይ ማድረስ ያስፈልጋል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተና ጠርዙ አስኳሉን ጠረገው።

«ጋሼ፣ ጋቢዎ!» አለ አስተናጋጁ። መምህሩ ደንግጠው መሐረብ አውጥተው እጃቸውን ሲሰነዝሩ ልጁ መሃል ገባ። «ይተዉት ጋሼ፣ አይንኩት።» በዚያን ቀን ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። ያን ጊዜ ጉዳቱ ጥቂት የጥጥ ክርና አንድ ጭረት ብቻ ነበር፤ መሐረቡ ቢያርፍበት ቢጫው ጠቆር ባለው ሰማይ ላይ ይሰራጭ ነበር።

ሸራው ሲሰቀል ደርቋል ተብሎ ነበር፤ የሰቀሉት ሰዎች ጥጉን በጣት ነክተው አረጋግጠዋል። ጥጉ ግን ሰማዩ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት የአየሩን ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው። ሰማዩ የተቀባበት አምበር የተባለው ቡናማ ቀለም ማንጋኒዝ ስላለበት ስስ ሆኖ ከተቀባ በጥቂት ቀን ይደርቃል። ካድሚየም ግን ዘገምተኛ ነው። በዚያ ላይ ሲደፈደፍ ከላይ ቆዳ ያወጣና ውስጡ ለወራት ልል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ መድረቁ የሚለካው በጣም በወፈረው ቦታ እንጂ በጥጉ አይደለም። በጣት መንካቱም ቢሆን የሰዓሊው ሥራ ነው፤ ሰቃዩ ሰዓሊውን ይጠይቅ።

አስተናጋጆቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉት የሚያስመሰግን ነው። ሸራውን በሁለት እጅ፣ በፍሬሙ ግራና ቀኝ ይዘው አወረዱት፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። መብራት ከጎን አብርተው የጭረቱን ጥልቀት ፎቶ አነሱ፤ ሰዓቱን ጽፈው ሰዓሊው ዘንድ ደወሉ። አቧራ እንዳይወርድበት የለበሰው ላስቲክ ወይም ጨርቅ ሳይሆን ቀለሙን የማይነካ ጥልቅ ካርቶን ነው። ክሩን ሊነቅል የሞከረ አልነበረም። ልል ቀለም ላይ ክር ሲጎተት ቆዳውን ይዞ ይነሳል።

ጥፋቱን በመምህሩ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር፤ ትክክል ግን አይደለም። «ጋቢ አውልቁ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በጥር ብርድ፣ ያውም ጎንደር ላይ፣ ትልቅ ሰው ጋቢውን በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ መጠየቅ ነውር ነው፤ ደግሞም አይሠራም። ያጎነበሳቸው ካርዱ ነው። ስለዚህ ካርዱ ከፍሬሙ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሸሸ፣ ፊደሉ 24 ነጥብ ሆነ፣ ከወለሉ በ130 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተለጠፈ። የሥዕሉ መሃል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆየ፤ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተሰመረ። አጥር አላስፈለገም፤ ሰው መስመር ሲያይ ራሱ ይቆማል።

የሱሪያሊስት ዐውደ ርዕይ የሚሰቅል ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። በዚህ ዘርፍ ትንሽ ሸራ ላይ ደቃቅ ነገር መሥራት የተለመደ ነው። ሳልቫዶር ዳሊ በ1931 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ ሰዓቶች ቀልጠው የሚታዩበት ዝነኛ ሥዕል 24 በ33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ ነው ብሎ የመጣ አድናቂ መቅረቡ አይቀርም። በጎንደር ደግሞ ሥዕል የሚወደው መሳለም ለምዶ ነው ያደገው፤ እጁ ከልቡ ጋር አብሮ ይዘረጋል። ለአድናቂው የሚበጀው መጀመሪያ ከሁለት ሜትር ያህል ርቆ ሙሉውን ማየት፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስከ መስመሩ መጠጋት ነው። ደቃቁን ለማየት የስልክ ካሜራ ያለ ፍላሽ አጉልቶ ማየት ከማጎንበስ ይሻላል።

መምህሩ በማግሥቱ ተመልሰው ሰዓሊውን አገኙት። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አላሉትም።

«መጀመሪያ የትኛውን ሣልክ? ግንቡን ነው አስኳሉን?»

«ግንቡን፣ ጋሼ። አስኳሉ የመጨረሻው ነው።»

የቀለም ሰው ይህን ሲሰማ የቱ እርጥብ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሰዓሊው የተበላሸውን አስኳል በቢላ ፋቀው። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ቢሆን ፈጥኖ ይደርቅለት ነበር፤ ግን አክሪሊክ በዘይት ቀለም ላይ አይያዝም። ስለዚህ የዘይት ቀለሙን መድረቅ በሚያፋጥነው በአልኪድ ማደባለቂያ ቀላቅሎ ስስ ስስ አድርጎ ደራረበው፤ የታችኛው መጣበቁን ሳያቆም የላይኛውን አልጨመረም። ሥዕሉን ለመጠበቅ መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ቢያንስ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ በቫርኒሽ ማቅጠኛ የረጠበ ጥጥ ጠርዙ ላይ ቀስ ተደርጎ ሲነካ ቢጫ ከያዘ ደግሞ ከዚያም በላይ።